ከቀለሙ ሥር ያሉ እጆች

በጦር ሰፈር ጋራዥ አካባቢ የዋለ ሰው ይህን ያውቃል። አንድ መኪና አልነሣ ሲል የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አስቀድሞ ባትሪውን ይመረምራል፤ ባትሪው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ማሳው ነው። ማሳ ማለት ከባትሪው የወጣው ኃይል መብራቱን አብርቶ፣ ሞተሪኖውን አዙሮ ካበቃ በኋላ ወደ ምንጩ የሚመለስበት መንገድ ነው። በተለመደው መኪና ይህ መንገድ የመኪናው ብረት ራሱ በመሆኑ ካልተበላሸ በስተቀር ማንም ልብ አይለውም። የመኪናው አካል ብረት ባይሆንስ?

ይህ ጥያቄ በ1953 በአሜሪካ፣ በሚቺጋን ግዛት፣ በፍሊንት ከተማ የሚገኙትን የሼቭሮሌት ሠራተኞች ያደናገረ ጥያቄ ነበር። ሽቦው በሥርዓቱ ተዘርግቶ፣ አምፖሉም ደኅና ሆኖ ሳለ መብራቱ እንቢ ይላል። ምክንያቱ ሲመረመር ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የአዲሱ መኪና አካል የተሠራው ከላሜራ ሳይሆን ከፋይበር ግላስ ነበር፤ ፋይበር ግላስ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ዕድሜውን ሙሉ በብረት መኪና ላይ የሠራ ሰው ማሳ ከተፈጥሮ የሚገኝ ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መብራትና ለእያንዳንዱ መሣሪያ የመመለሻ ሽቦ ለብቻው መዘርጋት ግድ ሆነ።

የሬዲዮ ሰዎቻችን ደግሞ ከዚሁ ጋር የሚመጣውን ሁለተኛ ችግር ሳይነገራቸው ይገምቱታል። ብረት የካንዴላውን ብልጭታ አፍኖ ይይዘዋል፤ ፋይበር ግላስ ግን አያግደውም። በመኪናው ውስጥ ያለው ሬዲዮ ከዜማ ይልቅ ጩኸት እንዳያሰማ ማቀጣጠያውን በብረት ክዳን መሸፈን አስፈለገ። ጉዳት ብቻም አልነበረም። የሬዲዮ ሞገድ በፋይበር ግላስ ውስጥ ያልፋልና አንቴናው በኋላው የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ውስጥ ተቀብሮ ከዓይን ተሰወረ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ መኪና ኮርቬት ይባላል። ስለ ፍጥነቱና ስለ ውበቱ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ የለጠፈ ወጣትም በየአገሩ አይታጣም። ስለ ነዳፊዎቹና ስለ መሐንዲሶቹም እንዲሁ ብዙ ይወራል። ስለ ገጣጠሙት ሰዎች ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በእነርሱ ላይ ሲሆን፣ በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት መቶ ነጭ መኪናዎች

በጃንዋሪ 1953 የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በኒው ዮርክ ከተማ፣ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ባዘጋጀው ትርኢት ላይ አንዲት ነጭ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ቀረበች። ሐሳቡን ያመነጨው የኩባንያው የንድፍ ክፍል ኃላፊ ሃርሊ ኤርል ነበር። ስሙን ያገኘው ደግሞ ማይረን ስኮት የተባለ የድርጅቱ ፎቶግራፍ አንሺና የማስታወቂያ ሰው ሲሆን፣ ኮርቬት ማለት በባሕር ኃይል ዘንድ አነስተኛና ፈጣን የጦር መርከብ ነው። ሕዝቡ መኪናዋን እጅግ ወደዳት። ከዚህም በኋላ ትእዛዙ አጭርና ከባድ ሆነ፦ በዚሁ ዓመት ተሠርታ ትውጣ።

የላሜራ አካል በማተሚያ ተጭኖ የሚወጣበት የብረት ቅርጽ ተሠርቶ እስኪያልቅ ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ጥቂት መኪና ለመሥራት ያን ሁሉ ወጪ ማውጣት አያዋጣም። ፋይበር ግላስ የተመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ከመስታወት የተፈተለ ቀጭን ጭረት ሙጫ በሚመስል ፈሳሽ ይነከርና በቅርጽ ላይ ይነጠፋል፤ ሲደርቅ ጠንካራ፣ ቀላልና የማይዝግ ይሆናል። እነዚህን ክፍሎች የሚያቀርበው በኦሃዮ ግዛት፣ በአሽታቡላ ከተማ የሚገኝ ሮበርት ሞሪሰን የሚመራው ድርጅት ነበር።

ሥራው የተጀመረው በታላቅ ፋብሪካ ውስጥ አልነበረም። በፍሊንት፣ ደንበኞች አዲስ መኪና ይረከቡበት በነበረ አንድ ሕንፃ ውስጥ ስድስት መኪና ተከታትሎ ሊቆምበት የሚችል አጭር መስመር ተዘረጋ። የመጀመሪያው ኮርቬት ከዚያ የወጣው ጁን 30 ቀን 1953 ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የተሠሩት 300 ብቻ ሲሆኑ ሁሉም ውጫቸው ነጭ፣ ውስጣቸው ቀይ፣ የሸራ ጣሪያቸው ጥቁር ነበር። ቀለም መምረጥ አልተፈቀደም ነበር፤ ሠራተኞቹ ገና መኪናውን መሥራት እየተማሩ ነበርና አንድ ዓይነት ብቻ መሥራቱ ይበጃቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መኪናዎች ላይ ለኮርቬት የታሰበው የጎማ ክዳን ስላልደረሰ የሌላ ሼቭሮሌት ክዳን ተገጠመላቸው። ዕቃ ሳይሟላለት ግዳጅ የተቀበለ ሰው ይህን አሠራር አይፈርድበትም።

ይሁን እንጂ የመኪናው ጉድለት የጎማ ክዳን ብቻ አልነበረም። በሩ ከውጭ እጀታ የለውም፤ ለመክፈት እጅን በመስኮቱ በኩል ወደ ውስጥ መስደድ ያስፈልጋል። መስኮቱም መስታወት ሳይሆን ተነቃይ መጋረጃ ነበርና ዝናብ ያስገባል። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፣ ጉልበቱ 150 የፈረስ ጉልበት፣ ማርሹ ሁለት ደረጃ ብቻ ያለው አውቶማቲክ ነው። ዋጋው 3,498 ዶላር ነበር። ለዚህ ዋጋ ሰው የሚጠብቀው ከዚህ የበለጠ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዲሴምበር 1953 ሥራው በሚዙሪ ግዛት ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ተዛወረ። በዓመት ከ10,000 በላይ ለመሥራት ታቅዶ ሳለ በ1954 የተሠሩት 3,640 ሆኑ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት ሳይሸጡ ቀሩ። በ1955 ቁጥሩ ወደ 700 ወረደ። መኪናው ይቁም የሚለው ሐሳብ በኩባንያው ውስጥ በብርቱ ይነገር ጀመር። ያዳኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ተፎካካሪው ፎርድ በ1955 ሁለት ሰው የሚይዝ ተንደርበርድ የተባለ መኪና አውጥቶ ከ16,000 በላይ መሸጡ ነው፤ ሜዳውን ለባላጋራ ለቆ መሄድ ለሼቭሮሌት የሚዋጥ አልነበረም። ሁለተኛው በዚያው ዓመት የገባው ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር ነው። ዞራ አርኩስ ደንቶቭ የተባለው፣ ከሩሲያውያን ወላጆች በብራሰልስ የተወለደው መሐንዲስም መኪናውን በኒው ዮርክ ትርኢት ላይ አይቶ በመማረክ ወደ ኩባንያው ከገባ በኋላ፣ ሌላው የተወውን ጉዳይ የሙጥኝ ብሎ ይዞ ለብዙ ዓመታት ተሟገተለት።

በመስመሩ ላይ

በሴንት ሉዊስ ያለውን ሥራ በደንብ ለመረዳት ከ1963 እስከ 1967 የወጣውን፣ ስቲንግ ሬይ የሚባለውን ኮርቬት መከተል ይሻላል። ቁጥሩ ያን ጊዜ አድጎ ነበር፤ በ1963 ብቻ 21,513 ተሠርቷል።

ሥራው የሚጀምረው የተሳፋሪውን ክፍል በሚከብ የብረት አፅም ነው። ወፍ የሚታሠርበትን የሽቦ ቤት ስለሚመስል በዚያው ስም ይጠሩታል። በዚህ በተበየደ አፅም ላይ የፋይበር ግላሱ ክፍሎች አንድ በአንድ ይለጠፋሉ። ለመለጠፍ ደግሞ ቡሎንና ብየዳ አያገለግልም፤ ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው የራሱ ሰዓት አለው። የቀባው ሠራተኛ ክፍሉን በቦታው አስቀምጦ፣ አስተካክሎ፣ በመቆንጠጫ እስኪያስረው ድረስ ይታገሠዋል፤ ከዚያ በኋላ አይታገሥም። አንድ ፓራፋንጎ ጥቂት ሚሊሜትር ተዛብቶ ከደረቀ ስሕተቱ ከመኪናው ጋር ይኖራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉም የሚከብደው ሥራ ነው። ክፍሎቹ የተገናኙበት ስፌት በስቱኮ ይሞላና በማሽን ይሞረዳል፤ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። አቧራው ስስ የመስታወት ስባሪ ነው። ፋይበር ግላስ የነካ ሰው ማሳከኩን ያውቀዋል፤ አንገትና ክንድ ላይ ገብቶ በቀላሉ አይለቅም፤ በሥራ ልብስም ላይ ተሳፍሮ ወደ ቤት ይገባል። የዚህ ዓይነት ልብስ ከሕፃናት ልብስ ጋር አብሮ እንዳይታጠብ የሚመከረውም ስለዚህ ነው። የመኪናውን አብረቅራቂ ጎን በአድናቆት የሚመለከት ሰው ይህ ጎን በስንት ሰው ክንድ ላይ ሽፍታ አስነሥቶ እንደ ተስተካከለ አያስብም፤ እንዲያስብም አይጠበቅበትም ይሆናል።

ስፌቱ ከተስተካከለ በኋላ መኪናው የመጀመሪያ ቀለም ይቀባል፤ በምድጃ ውስጥ ይደርቃል፤ እንደገና ይፈገፈጋል፤ ዋናው ቀለም ይነፋበታል፤ ይደርቃል፤ ይወለወላል። በሴንት ሉዊስ ይሠራበት የነበረው ቀለም ላኬር ሲሆን ማንጸባረቁ የሚመጣው በውልወላ ነው። ፋይበር ግላስ ግን ተንኮለኛ ነገር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ለጥ ብሎ የታየው ስፌት መኪናው ፀሐይ ላይ ከርሞ፣ ሙጫው ሲሰበሰብ ከቀለሙ ሥር እንደ ጠባሳ ብቅ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የሞረደው ሰው ሌላ ሺህ መኪና አሳልፏል።

በሌላ በኩል ሻንሲው በራሱ መስመር ይጓዛል። ባሌስትራው፣ ፍሬኑ፣ የነዳጅ ቱቦው ይገጠማል፤ ከፍሊንት የመጣው ሞተር ይቀመጣል፤ ትልቁን ሞተር ላዘዘ ሰው ደግሞ ሞተሩ የሚመጣው በኒው ዮርክ ግዛት ከምትገኘው ቶናዋንዳ ነው። ከ1964 ጀምሮ በሴንት ሉዊስ ያለው የአካል ክፍል ብቻውን ሥራውን መሸፈን ስላቃተው ከአካሎቹ አንዳንዱ በሚቺጋን ግዛት፣ በአዮንያ ከተማ ተሠርቶ በባቡር ይመጣ ነበር።

ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ የፋብሪካው ታላቅ ሰዓት ነው። ቀለም የተቀባው አካል በማንሻ ተንጠልጥሎ ከላይ ይወርዳል፤ ሻንሲው ከሥር ይመጣል። ነገር ግን አንድም የተበየደ ሻንሲ ፍጹም ልክ አይደለም። አካሉ እንዲሁ ቢጣልበት ይጣመማል፤ ፋይበር ግላስ እንደ ላሜራ ተመትቶ አይታጠፍምና ሲጣመም ይሰነጠቃል፤ በሩም አይዘጋም። ስለዚህ አስቀድሞ ሻንሲው ይለካል፤ አካሉ በሚያርፍበት በእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብም ስንት ስስ የብረት ንጣፍ እንደሚያስፈልግ በቀለም እርሳስ ይጻፋል። እዚህ ሁለት፣ እዚያ አንድ፣ ከወዲያ ምንም። ቀጣዩ ሠራተኛ ቁጥሩን አንብቦ ንጣፉን ያስቀምጣል፤ አካሉም ይወርድበታል። ቁጥሩ የተጻፈበት ቦታ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ማንም የማያየው ቦታ ይሆናል። የበሩ አዘጋግ ግን ዕድሜውን ሙሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከዚህ በኋላ መሪው፣ ሽቦውና ቱቦው ይገናኛል፤ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ይነሣል። መኪናው በዝናብ አምሳያ ውኃ ይደበደባል፤ የሚያፈስ ከሆነ ወደ ጥገና ይመለሳል። ከ1967 ጀምሮ ደግሞ መኪናው በምን ቀለም፣ በምን ሞተር፣ በምን ዕቃ እንደ ታዘዘ የሚገልጸው ወረቀት በነዳጅ ማጠራቀሚያው አናት ላይ ይለጠፍ ነበር። ብዙ መኪናዎች ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሲፈቱ ይህ ወረቀት ተጨማዶና ቢጫ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ላንሣ። በ1974 በአሜሪካ የተቋቋመ የኮርቬት አዳሾች ማኅበር አለ። አባላቱ አሮጌ መኪናቸውን ለውድድር ሲያቀርቡ ዳኞቹ የሚጠይቁት መኪናው ያማረ መሆኑን አይደለም፤ ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት እንደ ነበረ መሆኑን ነው። ከፋብሪካው አሳምሮ የቀባ ሰው ነጥብ ይቀነስበታል። ስለዚህ አዳሾቹ የቀለም እርሳሱን ቁጥር በዚያው ቦታ መልሰው ይጽፋሉ፤ በችኮላ የተረጨውን ቀለም በጥንቃቄ ይረጩታል። የሴንት ሉዊሱ ሠራተኛ ሰዓት አልበቃ ብሎት ያደረገውን፣ እነርሱ ሳምንት ወስደው ያስመስሉታል።

ለቤተሰብ ዓምድ አንባቢዎች

እመቤቶች፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሴት የለችም ወይ ትሉ ይሆናል። አለች። ሃርሊ ኤርል በ1950ዎቹ ሴቶችን በንድፍ ሥራ ቀጥሮ ነበር፤ የሚሰጣቸው ሥራ በአብዛኛው የመኪናውን የውስጥ ክፍል የሚመለከት ነው። ከእነርሱ አንዷ ሩት ግሌኒ በ1958 ለትርኢት ያዘጋጀችው ኮርቬት ለአራቱ ወቅቶች የሚለዋወጥ አራት ዓይነት የወንበር ልብስ ነበረው። የቤት ሥራ ዐዋቂ ለሆነች ሴት ይህ ግልጽ ነገር ነው፤ መቀመጫ የሚቆሽሽና የሚያረጅ ነገር ስለሆነ መቀየሪያ ይኑረው። ፋብሪካው ሐሳቡን ተቀብሎ በመስመሩ ላይ አላዋለውም። በዚያው ዓመት ኤርል ጡረታ ሲወጣ የተተካው ቢል ሚቸል ለሴት ነዳፊዎች እምብዛም ቦታ አልሰጠም። በእኔ አስተያየት ኩባንያው ተጎዳ እንጂ አልተጠቀመም።

ፍጥነትና ስፌት

በ1968 ኮርቬት አዲስ ቅርጽ ለብሶ ወጣ፤ ገዢውም ጎረፈ። በዚያ ዓመት 28,566፣ በተከታዩ ዓመት 38,762 ተሠሩ። መስመሩ ግን ያው መስመር ነበር። ማጣበቂያው ለመድረቅ የሚፈልገው ጊዜ ገዢ በዛ ተብሎ አያጥርም። በ1968 ካር ኤንድ ድራይቨር የተባለው የአውቶሞቢል መጽሔት ለፍተሻ የተሰጠው መኪና አሠራሩ እጅግ የተበላሸ ሆኖ ስላገኘው አልፈትሽም ብሎ ይህንኑ በገጹ ላይ አወጣ። ለአንድ ፋብሪካ ከዚህ የሚበልጥ ውርደት አይገኝም። ሠራተኛው ሰነፈ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ያው ሠራተኛ፣ በዚያው ሕንፃ፣ ከአንድ ዓመት በፊት የሠራው የ1967ቱ ኮርቬት ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ነው። የተለወጠው እጁ አልነበረም።

በ1981 ኩባንያው ሴንት ሉዊስን ትቶ በኬንታኪ ግዛት ወደ ቦውሊንግ ግሪን ከተማ ሄደ። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በመኪና አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሁለት ወራት፣ በጁንና በጁላይ፣ ሁለቱም ፋብሪካዎች አንዱን መኪና ይሠሩ ነበር፤ በሴንት ሉዊስ በአሮጌው ላኬር፣ በቦውሊንግ ግሪን በአዲሱና ከላዩ ጥርት ያለ ሽፋን በሚነፋበት ቀለም። ከሠራተኞቹ ብዙዎች ቤተሰባቸውን ይዘው ከሥራው ጋር ተዛወሩ። ልጅን ከትምህርት ቤት ማውጣት፣ ጎረቤትን መሰናበት፣ ዕቃ ጠቅልሎ በማያውቁት ከተማ ኩሽና እንደገና መክፈት ምን እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም።

በአዲሱ ፋብሪካ ከተደረጉት ውሳኔዎች አንዱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ለ1983 የታሰበው አዲስ ኮርቬት ዝግጅቱና ጥራቱ ስላልተሟላ ኩባንያው የዚያን ዓመት ሞዴል ጨርሶ ላለመሸጥ ወሰነ። ለሙከራ ከተሠሩት ከ40 በላይ መኪናዎች አንዱ ብቻ ተርፎ ሌሎቹ ተደመሰሱ። የተረፈውም ነጭ ነው።

አንድ ሚሊዮነኛው

ጁላይ 2 ቀን 1992 አንድ ሚሊዮነኛው ኮርቬት በቦውሊንግ ግሪን ከመስመሩ ወጣ። በ1953ቱ መኪናዎች አምሳል ውጩ ነጭ፣ ውስጡ ቀይ ተደረገ። መኪናው በመስመሩ ላይ ሲያልፍ ሠራተኞቹ በየሚገጥሙት ክፍል ላይ ስማቸውን ጽፈውበት ነበር፤ ከመቀመጫው ሥር፣ ከምንጣፉ በታች፣ በክዳኖች የውስጥ ገጽ። ከዚያም መኪናው ተሸፍኖ፣ ተገጥሞ፣ ተወልውሎ በፋብሪካው አቅራቢያ ወደሚገኘው የኮርቬት ቤተ መዘክር ገባ።

ያ አገር መሬቱ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ዋሻ ይበዛዋል። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2014 ገና ሳይነጋ የቤተ መዘክሩ አንድ አዳራሽ ወለል ተደርምሶ፣ ስፋቱ 12 ሜትር፣ ጥልቀቱ 9 ሜትር ያህል የሆነ ጉድጓድ ስምንት ኮርቬቶችን ዋጠ። ሰዓቱ ማለዳ ስለነበረ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። አንድ ሚሊዮነኛው ከስምንቱ አንዱ ነበር፤ ድንጋይና አፈር ተጭኖት፣ ኮፈኑ ተሰብሮ፣ መስታወቱ ደቅቆ ወጣ።

ከስምንቱ አምስቱ ከጥገና በላይ ስለሆኑ እንደ ወደቁ ለትርኢት ቀሩ። ነጩን መኪና ግን ጄኔራል ሞተርስ ሚቺጋን ወዳለው የቴክኒክ ማዕከሉ ወስዶ አስፈታው። የተሰበረውን አውጥቶ በአዲስ መተካት ለእነዚያ ባለሙያዎች ከባድ ሥራ አልነበረም። ሥራቸውን ያዘገየው ሌላ ነገር ነው። ክፍሎቹን እየፈቱ በሄዱ ቁጥር የ1992ቱን ሠራተኞች ስሞች እያገኙ ሄዱ፤ ስም ያለበትን ክፍል ደግሞ መጣል አልፈለጉም። ሊጠገን የሚችለውን በስሙ ዙሪያ ጠገኑት፤ ሊድን ያልቻለውን ፊርማ ቀድተው በአዲሱ ክፍል ላይ በዚያው ቦታ አኖሩት።

በሴፕቴምበር 2015 መኪናው ወደ ቤተ መዘክሩ ተመለሰ። ዛሬ የሚጎበኘው ሰው ነጭ ቀለምና ቀይ ወንበር ያያል። ስሞቹ ከምንጣፉ ሥር ናቸው።